ባቲስቱታ ስንተኛ ነው?

አጥቂዎችን በደረጃ መደርደር እግር ኳስ ወዳድ የማይሰለቸው ጨዋታ ነው። አርጀንቲና ላይ ሲደርስ ግን ጨዋታው መልኩን ይለውጣል። የላይኞቹ ሁለት ወንበሮች ተይዘዋል፤ በእነሱ ላይ የቀረው ክርክር ማራዶና ይቅደም ወይስ ሜሲ የሚለው ብቻ ነው። ግብግቡ የሚጀምረው ከሦስተኛዋ ወንበር ነው። ለእሷ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖ አለ፣ ማሪዮ ኬምፔስ አለ፣ ኦማር ሲቮሪ አለ፣ ኸርናን ክሬስፖና ሰርሂዮ አግዌሮ አሉ። ረጅም ፀጉሩን እያርገበገበ ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ የሚሮጠው፣ ጎል ባገባ ቁጥር በባዶ እጁ መትረየስ የሚተኩስ የሚመስለው ገብርኤል ኦማር ባቲስቱታም አለ።

የባቲስቱታ ጉዳይ ከሌሎቹ ይለያል። እንደ መለኪያውና እንደ ጠያቂው ደረጃው ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በአንዱ መዝገብ ሁለተኛ ነው፤ በአንዱ የዳኞች ድምፅ አራተኛ፤ በአንዲት የጣሊያን ከተማ ያለ ተወዳዳሪ አንደኛ፤ በቦነስ አይረስ የክለብ ደጋፊዎች ዘንድ ደግሞ የማንም ያልሆነ።

ከቁጥሩ እንጀምር፤ ቁጥር ቢያንስ ማሊያ አይለብስም። ባቲስቱታ ለአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን 54 ጎል አግብቷል። የቆዩ መዛግብት 56 ይሉ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው 54ቱ ነው። ይህን ያደረገው 80 ባልሞሉ ጨዋታዎች ነው። ጡረታ ከወጡት ውስጥ አግዌሮ በ41፣ ክሬስፖ በ35፣ ማራዶና በ34 ይከተሉታል። በዓለም ዋንጫ ደግሞ 10 ጎል አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1994 አራት፣ በ1998 አምስት፣ በ2002 አንድ። በዚህ መድረክ የአገሩ ቀዳሚ ጎል አግቢ የሚለውን ስም ከማራዶና የተረከበው በ1998 ሲሆን፣ ሜሲ በ2022 ኳታር ላይ ክሮኤሺያ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት እስኪያስቆጥር ድረስ ለ24 ዓመት ማንም አልነጠቀውም።

ከሁሉም የሚገርመው የሃትሪኩ ነገር ነው። ሳንዶር ኮቺሽ፣ ጁስት ፎንቴንና ጌርድ ሙለር በዓለም ዋንጫ ሁለት ሁለት ሃትሪክ ሠርተዋል፤ ሁሉም ግን ሁለቱን በአንድ ውድድር ውስጥ ነው የጨረሱት። እስከ 2022 በተካሄዱት የዓለም ዋንጫዎች በሁለት የተለያዩ ውድድሮች ሃትሪክ የሠራው ባቲስቱታ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቦስተን አጠገብ ግሪክ ላይ ሰኔ (ጁን) 21 ቀን 1994፣ ሁለተኛውን ፓሪስ ላይ ጃማይካ ላይ፣ በዚያው በጁን 21፣ ልክ በአራተኛ ዓመቱ። ጃማይካ ላይ ያገባቸው ሦስት ጎሎች የገቡት በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነበር። ተቀናቃኝ የሚፈልግ ሰው «ግሪክና ጃማይካ ምን ይላሉ?» ሊል ይችላል፤ ይበል። በዓለም ዋንጫ ደካማ ቡድን አግኝተው አንድ እንኳ ሳያገቡ የተመለሱ ታላላቅ አጥቂዎች ብዙ ናቸው።

ነገሩ በጎል ብዛት ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ጎንዛሎ ኢግዋይን ዛሬ በአርጀንቲና ሐውልት በቆመለት ነበር። በ2015–16 ለናፖሊ በአንድ የሴሪ አ ዘመን 36 ጎል አግብቶ ከ1950 ጀምሮ ተከብሮ የኖረውን የጉናር ኖርዳልን 35 አልፏል። ለብሔራዊ ቡድኑም 31 አለው። ሆኖም የአገሩ ሰው ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚያስታውሰው በ2014 ማራካና ላይ ከጀርመን ጋር በተደረገው ፍፃሜ ብቻውን ከግብ ጠባቂው ፊት ቆሞ ወደ ውጭ የላካትን ኳስ ነው። መዝገቡ እዚያው አለ፤ ፍቅሩ ግን የለም። ስለዚህ ተወዳጅነትን የሚለካ ሰው ከቁጥሩ ሰሌዳ ወዲያ መሄድ አለበት።

ወዲያ ያለው የዳኞች ሸንጎ ነው። በ1999 የባሎን ዶር ምርጫ ሪቫልዶ፣ ዴቪድ ቤካምና አንድሪ ሼቭቼንኮ ቀድመውት ባቲስቱታ አራተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ፊፋ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኞችን ጠይቆ በሰጠው ሽልማት ከሪቫልዶና ከቤካም ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነ። ጋዜጠኛው አራተኛ ያለውን አሰልጣኙ ሦስተኛ ማለቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ባቲስቱታን በቅርብ የሚፈሩት ሰዎች ከሩቅ ከሚጽፉለት ይልቅ ከፍ አድርገው እንደሚያዩት ይጠቁማል። ፔሌ በ2004 ለፊፋ መቶኛ ዓመት ባወጣው የ125 ታላላቅ ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል። ያ ዝርዝር ግን ቅደም ተከተል የለውም፤ በዚያ ላይ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበረውን ሃቪየር ሳቪዮላን ከዲ ስቴፋኖ ጋር በአንድ ገበታ ያስቀመጠ ስለሆነ፣ ማንንም ከማንም ለማበላለጥ አይረዳም።

የሽልማቶቹ ሕግ ራሱ ደረጃን ያዛባል። ባሎን ዶር እስከ 1995 ድረስ ለአውሮፓውያን ብቻ የተከለለ ነበር። ዲ ስቴፋኖ በ1957ና በ1959 ያሸነፈው ስፔናዊ ሆኖ፣ ሲቮሪ በ1961 ያሸነፈው በጣሊያን ዜግነቱ ነው። ማራዶና በ1986 ሜክሲኮ ላይ እንደዚያ ተጫውቶ ዋንጫ ሲያነሳ ለውድድሩ እንኳ አልታጨም። ባቲስቱታም የጣሊያን ሊግ ኮከብ ጎል አግቢ የሆነበት የ1994–95 ዘመን ከሕጉ መለወጥ በፊት የጀመረ ነው። የድሮ ሽልማቶችን ብቻ ቆጥሮ የአርጀንቲናን አጥቂዎች የሚያስቀድምና የሚያስከትል ሰው ሳያውቀው ፓስፖርት እያወዳደረ ነው።

ሕዝቡ በቀጥታ ሲጠየቅስ? ለዚህ በታሪክ የሚጠቀሰው ትልቁ ፈተና የ2000ው የፊፋ «የክፍለ ዘመኑ ተጫዋች» ምርጫ ነው። በኢንተርኔት ድምፅ ማራዶና ከ53 በመቶ በላይ አግኝቶ ፔሌን በሩቁ ጥሎት ሄደ፤ ፔሌ 18 በመቶ ተኩል ገደማ ላይ ቀረ። ፊፋ ደነገጠ። ባለሙያዎችና የፊፋ መጽሔት አንባቢዎች ሌላ ድምፅ ሲሰጡ ፔሌ ከ72 በመቶ በላይ ወሰደ፣ ዲ ስቴፋኖ ሁለተኛ ሆነ፣ ማራዶና ደግሞ 6 በመቶ ይዞ ሦስተኛ። ሮም ላይ ሁለት ሽልማት ተሰጠ። ተመሳሳይ ጥያቄ፣ ተመሳሳይ ዓመት፣ ሁለት የማይገናኙ መልሶች። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት የነበረው ወጣት ፔሌን በቴሌቪዥን ሲጫወት አላየውም፤ ዲ ስቴፋኖንማ ጭራሽ። ባቲስቱታ ዛሬ ከወጣት መራጮች ዘንድ የሚገጥመው ዕጣ ይኸው ነው፤ እነሱ ያደጉት አግዌሮ በ2012 ማንችስተር ሲቲን በመጨረሻዋ ሰዓት ሻምፒዮን ያደረገባትን ጎል እያዩ ነውና።

እዚህ ላይ ወደ ፍሎረንስ መሻገር ይገባል፤ የባቲስቱታ ፍቅር የተሠራው እዚያ ነው።

በ1991 ቺሊ ላይ በተካሄደው ኮፓ አሜሪካ በስድስት ጎል ኮከብ አግቢ ሆኖ አርጀንቲና ዋንጫውን ስትወስድ የፊዮረንቲና ሰዎች አይተው ከቦካ ጁኒየርስ አመጡት። በሁለተኛ ዓመቱ 16 ጎል አገባ፤ ክለቡ ግን ወደ ሴሪ ቢ ወረደ። የዚያን ጊዜ ሊጉ የዓለም ሀብታም ክለቦች የተሰበሰቡበት ነበርና ለአንድ የአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድን አጥቂ በር የሚከፍት አይጠፋም ነበር። እሱ ግን ቀረ። ከክላውዲዮ ራኒዬሪ ጋር በታችኛው ሊግ ሌላ 16 ጎል አግብቶ ክለቡን መለሰው። ፍሎረንስ ውስጥ ዛሬም ስለ እሱ የሚወራው ወሬ ከዚህ ዓመት ነው የሚጀምረው፤ ከጎሎቹ ቀድሞ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ወሬውን በሥራ የሚደግፍ ነበር። በ1994–95 ዘመን በመጀመሪያዎቹ 11 ጨዋታዎች በተከታታይ አገባ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየውን የኤዚዮ ፓስኩቲን የ10 ጨዋታ ክብረ ወሰን ሰበረ። ዘመኑን በ26 ጎል ኮከብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። ፋቢዮ ኳሊያሬላ በ2019 በተከታታይ 11 ጨዋታ በማግባት ቢስተካከለውም፣ የእሱ ከዘመኑ መጀመሪያ የተነሳ አልነበረም። ደጋፊዎቹ ሰውየው ገና እየተጫወተ ሳለ የነሐስ ሐውልት አቆሙለት። በ1996 የጣሊያን ሱፐር ካፕ ሳን ሲሮ ላይ ሚላንን በሁለት ጎል ሲያሸንፍ፣ ሁለተኛዋን አግብቶ ወደ ካሜራው ሮጠና ለሚስቱ ለኢሪና እንደሚወዳት ጮኾ ነገራት። በቀጣዩ ዓመት ባርሴሎና ሜዳ ካምፕ ኑ ላይ አግብቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም አሰኘ፤ የመልሱ ጨዋታ ግን ፍሎረንስ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ። በ1999 ዌምብሌይ ላይ ከጠባብ ማዕዘን አርሰናልን ከሻምፒዮንስ ሊግ ያስወጣችውን ጎል አስቆጠረ። የቀኝ እግሩ ምት ኳሷን የሚመታት ሳይሆን የሚቀጣት ነበር የሚመስለው።

ዋንጫስ? አንድ የጣሊያን ዋንጫና አንድ ሱፐር ካፕ። በዘጠኝ ዓመት ይኸው ነው። በ1998–99 በጆቫኒ ትራፓቶኒ ስር ሊጉን እየመሩ ሳለ ባቲስቱታ በየካቲት (ፌብሩዋሪ) ከሚላን ጋር ሲጫወት ተጎዳ። በዚያው ሰሞን የቡድን ጓደኛው ብራዚላዊው ኤድሙንዶ ለካርኒቫል ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄደ። ክለቡ ሁለቱን አጥቂዎቹን አጥቶ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ፍሎረንስ ኤድሙንዶን እስከ ዛሬ ይቅር ብላዋለች ለማለት ያስቸግራል።

ባቲስቱታ የስዊድናዊውን ኩርት ሃምሪንን የ150 ጎል ክብረ ወሰን አልፎ በሴሪ አ የፊዮረንቲና ቀዳሚ ጎል አግቢ ሆነና በ2000 ሄደ። ዕድሜው 31 ነበር፤ ሮማ የከፈለችበት 70 ቢሊዮን ሊሬ ነው። ሠላሳን ላለፈ ተጫዋች ከዚያ በፊት ያልተሰማ፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያልተደገመ ዋጋ ነበር። በኅዳር ወር ሮማና ፊዮረንቲና ተገናኙ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከሩቅ መትቶ የድሮ ክለቡ ላይ ብቸኛዋን ጎል አገባ። አልጨፈረም፤ ጓደኞቹ ሲያቅፉት አለቀሰ። ሁለት ከተማ በአንድ ጊዜ ወደደው ቢባል ማጋነን አይደለም። በሰኔ (ጁን) 17 ቀን 2001 ፓርማን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ቶቲ፣ ሞንቴላና እሱ አግብተው ሮማ ከ1983 ወዲህ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫዋን አነሳች፤ የእሱ የዓመቱ ድርሻ 20 ጎል። ለሮም አንድ ዓመት በቂ ነበር። ፍሎረንስም ቂም አልያዘችም፤ በ2016 የክብር ዜግነት ሰጠችው።

አሁን ወደ አገሩ። እዚህ ነው ዳሰሳው የሚከብደው።

ባቲስቱታ የተወለደው በ1969 በሳንታ ፌ ክፍለ ሀገር ሲሆን ያደገው ሬኮንኪስታ በምትባል ከዋና ከተማዋ የራቀች ከተማ ነው። በልጅነቱ ሌሎች ስፖርቶችን ይወድ ነበር፤ ወደ ኳሱ ያዞረው በ1978ቱ የዓለም ዋንጫ ያየው ኬምፔስ ነው። ኒውልስ ኦልድ ቦይስ ሲመጣ ወፍራም ነበርና የታዳጊዎቹ አሰልጣኝ ማርሴሎ ቢየልሳ የሚወደውን ጣፋጭ ብስኩት ከለከለው። በ1988 የኮፓ ሊበርታዶሬስን ፍፃሜ ተጫወተ፣ በ1989 ሪቨር ፕሌት ገባ፤ ዳንኤል ፓሳሬላ አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ ቦታውን አጣ። በ1990 ወደ ቦካ ተሻገረ፤ ኦስካር ታባሬዝ መሃል አጥቂ አድርጎ አሰለፈውና እዚያ ነው ባቲስቱታ የሆነው። ከዚያ ወዲያው ጣሊያን።

ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዓመት። በአርጀንቲና ይህ ማለት የሚዘምርልህ ትሪቡን የለህም ማለት ነው። በቦነስ አይረስ ሰው በመጀመሪያ የቦካ ነው ወይም የሪቨር፤ አርጀንቲናዊነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለቱንም ማሊያ ለብሶ በሁለቱም ያልቆየ ሰው በየቤቱ እንግዳ ነው። ማርቲን ፓሌርሞን ከጎኑ አቁመን እንይ። በ1999 ኮፓ አሜሪካ ኮሎምቢያ ላይ በአንድ ጨዋታ ሦስት ፍፁም ቅጣት ምት ያባከነ፣ ለብሔራዊ ቡድን አሥር ጎል እንኳ ያልሞላ አጥቂ ነው። ለቦካ ግን 236 ጎል አግብቷል፤ በ2000 ቶኪዮ ላይ ሪያል ማድሪድን በሁለት ጎል አሸንፏል፤ ቦካ ሐውልት አቁሞለታል። በላ ቦካ ሰፈር ማን ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ጠብ መፈለግ ነው። የኬምፔስ ስም ደግሞ በትውልድ ክፍለ ሀገሩ በኮርዶባ ትልቁ ስታዲየም ላይ ተጽፏል፤ በ1978 ፍፃሜ ኔዘርላንድስ ላይ ሁለት አግብቶ አገሩን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ባለቤት ያደረገ ሰው ነውና ማን ይቃወማል?

ባቲስቱታ በአገሩ ያለው ቤት ሰማያዊና ነጩ ማሊያ ብቻ ነው፤ ያ ማሊያም በእሱ ዘመን ደስታው አጭር ነበር። በ1993 ኢኳዶር ላይ ሜክሲኮን 2 ለ 1 ባሸነፉበት የኮፓ አሜሪካ ፍፃሜ ሁለቱንም ጎሎች ያገባው እሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አርጀንቲና ትልቅ ዋንጫ ለማንሳት 28 ዓመት ጠበቀች። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ያደገ የአርጀንቲና ልጅ ድል ሲባል በአባቱ አፍ የሚሰማው ማራዶናን፣ በዓይኑ ያየው ደግሞ የባቲስቱታን ጎል ነው። ሽንፈቱም አልቀረም፦ በ1994 ሩማንያ፣ በ1998 ኔዘርላንድስ፣ በ2002 ደግሞ ገና ከምድቡ መውጣት አቃታቸው። በዚያን ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የነበረው ያው ቢየልሳ እሱንና ክሬስፖን አንድ ላይ አላሰልፍም ብሎ አንዱን በአንዱ ይቀይር ነበር፤ ከስዊድን ጋር 1 ለ 1 ተለያይተው ሲሰናበቱ የ33 ዓመቱ ባቲስቱታ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ታየ። ያ ምስል ያስቆጠራቸውን ጎሎች ያህል ይታወሳል። እንዲያውም ይህ ጸሐፊ እንደሚመስለው በማራዶናና በሜሲ መካከል ያለውን ረጅም ድርቅ ብቻውን የተሸከመ ሰው መሆኑ፣ ዋንጫ ካነሱት ከአንዳንዶቹ ይልቅ ለልብ አቅርቦታል።

ኳስ ካቆመ በኋላ የመጣውም ነገር ለዚህ ጨምሯል። በኢንተር ያሳለፈው ግማሽ ዓመት የሚነገርለት አይደለም፤ በኳታሩ አል አረቢ በ2003–04 ያገባቸው 25 ጎሎች የዚያን አገር ሊግ ክብረ ወሰን ቢሰብሩም ደረጃውን ከፍ አላደረጉም። በ2005 አቆመ። በ2014 በአርጀንቲና ቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ መጠይቅ ግን አገር ደነገጠ፦ የቁርጭምጭሚቱ ሕመም ከአልጋ መነሳት እስኪያቅተው ስላደረሰው ሐኪሙን እግሬን ቁረጥልኝ ብሎ መለመኑን ተናገረ። በመርፌ እየተወጋ የተጫወተባቸው ዓመታት ዋጋ ነበር። ሐኪሙ እምቢ አለ፤ በኋላ በቀዶ ጥገና ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሚሰጠው ድምፅ አድናቆት ብቻ ሳይሆን ርኅራኄም አለበት፤ ይህን የሚመዝን ሰንጠረዥ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም።

እንግዲህ ፍርድ ይሰጥ ከተባለ፣ ሁለት ጥያቄ ተደባልቆ ነው ጭቅጭቁ የማያልቀው። ታላቅነት ከሆነ ሦስተኛዋ ወንበር የዲ ስቴፋኖ ናት። አምስት የአውሮፓ ዋንጫዎችን በተከታታይ አንስቶ በአምስቱም ፍፃሜ ያገባ ሰው ነው፤ በዓለም ዋንጫ አንድም ጨዋታ አለመጫወቱም ይህን አይሽረውም። ኬምፔስም በዚህ መንገድ ከባቲስቱታ ይቀድማል። ተወዳጅነት ከሆነ ግን ዲ ስቴፋኖ የማድሪድ ነው፤ በ1949 ወደ ኮሎምቢያ ከሄደ በኋላ አገሩ በሬዲዮና በጋዜጣ ብቻ ነው ያወቀችው። ባቲስቱታን ግን በሦስት የዓለም ዋንጫ ዓለም በሙሉ በቤቱ ተቀምጦ አይቶታል። በዚህ መለኪያ ከማራዶናና ከሜሲ ቀጥሎ እሱን ማስቀመጥ አድልዎ አይሆንም፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ተመልካች ከተጠየቀማ ብዙም አያከራክርም።

በጁን 21 ቀን 2016 (ያችው የግሪክና የጃማይካ ቀን) ሜሲ በሂውስተን አሜሪካ ላይ በቅጣት ምት 55ኛ ጎሉን አግብቶ አለፈው። ባቲስቱታ ክብረ ወሰኑን ማጣቱ ትንሽ እንደቆረቆረው አልደበቀም፤ የሚያጽናናው ነገር የቀደመው ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር መሆኑ ነው ብሎ ቀለደ። አሁን ከኋላው የሚመጣው በ2024 የኮፓ አሜሪካ ፍፃሜ ኮሎምቢያ ላይ የዋንጫዋን ጎል ያገባው ላውታሮ ማርቲኔዝ ነው። ከ30 ጎል በላይ አለው፤ በጣሊያን ይጫወታል፤ የመሃል አጥቂም ነው። የአግዌሮ 41 ሩቅ አይደለችም። ከእሷ እስከ 54 ግን ለአንድ የመሃል አጥቂ ጥቂት ጥሩ ዓመታትና ጤነኛ ቁርጭምጭሚት ይጠይቃል።